12.5 በመቶ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል

«ሰርቨሩ ተንቀራፏል፤ ሲፒዩው ግን ነጻ ነው።» በሥራዬ ላይ አብዝቶ የሚደርሰኝ አቤቱታ ይሄ ነው። ሲፒዩው፣ ማለትም የማሽኑ አስሊ ክፍል፣ ስንት በመቶ ላይ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። «12 ምናምን» ይሉኛል። ቀጥዬ በውስጡ ሥራ የሚቀበሉት ፕሮሰሰሮች ስንት እንደሆኑ እጠይቃለሁ። 8 ከተባልኩ የያዝኩትን ትቼ የእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሥራ ወደተመዘገበበት መዝገብ እሄዳለሁ።

100ን ለ8 ብናካፍል 12.5 ይመጣል። ከ8ቱ ፕሮሰሰሮች አንዱ ያለ እረፍት እየሠራ 7ቱ እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ፣ የማሽኑ አማካይ ልክ 12.5 በመቶ ይሆናል። ፕሮሰሰሮቹ 16 ከሆኑ ያው ችግር 6.25 በመቶ ሆኖ ይታያል። 64 ከሆኑ ደግሞ 1.56 በመቶ። ግራፉ ላይ ከ2 በመቶ በታች የሆነ መስመር ሲያይ ሲፒዩውን የሚጠረጥር ሰው የለም። ጥርጣሬው ወደ ኔትወርኩ፣ ወደ ዳታቤዙ፣ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ሰዎች ቀኑን ሙሉ የተሳሳተ ቦታ ሲቆፍሩ ይውላሉ።

ይባስ ብሎ ማሽኑ ሲያድግ ቁጥሩ ያምራል። ሥራው ዘገየ ተብሎ ባለ 8 ፕሮሰሰሩ ማሽን በባለ 16 ይተካል እንበል። ፕሮግራሙ በአንድ ትሬድ፣ ማለትም በአንድ የሥራ መስመር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ግን 12.5 የነበረው ወደ 6.25 ይወርዳል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ግራፉ ወርዷል፣ ተጠቃሚው ግን አሁንም እየጠበቀ ነው። የአምዳል ሕግ የሚባለው ነገር መነሻው ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ክርክር ነው፤ ጉዳዩም ይኸው ነው። ከአንድ ሥራ 10 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ የፈለግነውን ያህል ፕሮሰሰር ብንደረድር ፍጥነቱ ከ10 እጥፍ አያልፍም። አማካዩ ስለዚያ 10 በመቶ ምንም አይነግረንም። እያንዳንዱን ፕሮሰሰር ለየብቻ ማየት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በእርግጥ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ቶፕን፣ ማለትም ማሽኑ አሁን የሚሠራውን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ከፍቶ የ1 ቁጥርን ቁልፍ መጫን ይቻላል። ፕሮሰሰሮቹ ወዲያው በየመስመራቸው ይዘረገፋሉ። ይሄ ግን የሚጠቅመው ችግሩ ዓይናችን እያየ ሲከሰት ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ስላለፈ ነገር ነው። ትናንት ማታ ሪፖርቱ ለምን ዘገየ? ባለፈው ሳምንት ጠዋት ላይ ሲስተሙ ለምን ተንጠለጠለ? እዚህ ላይ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ቀድሞ የተመዘገበ ዳታ ብቻ ነው። ማሽኑ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ የተመዘገበው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የደህናውን ቀን መልክ ያላየ ሰው የታመመውን ቀን መልክ መለየት ይቸግረዋል።

ሊኑክስ ላይ ሲስስታት የሚባል የታወቀ ጥቅል አለ። ውስጡ ያለው ሳድክ መዝጋቢው ነው፤ ሳር ደግሞ አንባቢው። በተለመደው አቀማመጥ ሳድክ በየ10 ደቂቃው ይነሳና የከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ቆጣሪዎች ገልብጦ ለየቀኑ በተመደበ ፋይል ላይ ያስቀምጣል። አንዳንድ የሊኑክስ ዝርያዎች ላይ ጥቅሉ ከተጫነ በኋላም ምዝገባው በራሱ አይጀምርም፤ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል። አዲስ ማሽን ስረከብ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የየፕሮሰሰሩ ዝርዝር በዚያው ፋይል ውስጥ ቀድሞም አለ። ሳርን እንዲሁ ስንጠራው የሚያሳየን የሁሉንም አማካይ ብቻ ስለሆነ፣ የተመዘገበውም ያ ብቻ ይመስለናል። ትዕዛዙ ላይ ትልቁን ፒ ጨምረን ከጎኑ ኦል ብለን ከጻፍን (sar -P ALL) ግን እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በራሱ መስመር ይወጣል። የባለፈው ሳምንት ፋይል እስካልተሰረዘ ድረስ የባለፈው ሳምንት ፕሮሰሰር ቁጥር 3 ምን ሲሠራ እንደነበር ዛሬ ማየት እንችላለን። ይሄንን ለአንድ የሥራ ባልደረባ አሳይቼ ፊቱ ሲበራ ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ? ከርነሉ በፕሮክ ሥር ስታት በሚባለው ፋይል (/proc/stat) ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ መስመር ይይዛል። በመስመሩ ላይ ፕሮሰሰሩ ጊዜውን በምን እንዳሳለፈ የሚናገሩ ቆጣሪዎች አሉ፦ ዩዘር (የፕሮግራሞች ሥራ)፣ ናይስ፣ ሲስተም (የከርነሉ ሥራ)፣ አይድል (ሥራ መፍታት)፣ አይኦዌት (ዲስክ እየተጠበቀ ሥራ መፍታት)፣ አይአርኪው (የመሣሪያዎች ጥሪ)፣ ሶፍትአይአርኪው (ጥሪውን ተከትሎ የሚሠራ የከርነል ሥራ)፣ ስቲል፣ እያለ ይቀጥላል። ቆጣሪዎቹ ማሽኑ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ የሚጠራቀሙ ናቸው። መለኪያቸው አብዛኛውን ጊዜ የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። ስለዚህ አንዱ ንባብ ብቻውን ምንም አይናገርም። ሁለት ንባብ ወስደን አንዱን ከሌላው መቀነስ አለብን።

በምሳሌ እንየው። ሁለቱ ንባቦች በ10 ደቂቃ ይራራቃሉ። 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ነው፤ በመቶኛ ሲቆጠር 60,000 ይሆናል። በዚህ መካከል የፕሮሰሰር 3 ዩዘር በ41,400 ጨመረ እንበል። ሲስተም በ4,200፣ ሶፍትአይአርኪው በ600፣ አይኦዌት በ600፣ አይድል በ13,200 ጨመሩ። ሲደመር 60,000። አይድልና አይኦዌትን ስናወጣ 46,200 ይቀራል። ለ60,000 ስናካፍለው 77 በመቶ። ፕሮሰሰር 3 በዚያ 10 ደቂቃ ውስጥ የተጠመደበት መጠን ይሄ ነው። ሒሳቡ ከዚህ አይከብድም፤ ሳር የሚያደርግልንም ይሄንኑ ነው።

ግን እጃችሁን አስገብታችሁ ራሳችሁ ስታሰሉት የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉ። ማሽኑ በመሀል ጠፍቶ ከተነሳ ቆጣሪዎቹ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ቅነሳው ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጣል። ሲስስታት ዳግም መነሳቱን በመዝገቡ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ምልክቱን ዘሎ ማስላት አይቻልም። ማሽኑ ላይ ቨርቹዋል ማሽኖች ካሉ ደግሞ የእነሱን ጊዜ የሚይዘው ጌስት የሚባለው ቆጣሪ በዩዘር ውስጥ ቀድሞ ተቆጥሯል። ሁለቱን ከደመርን ያንኑ ጊዜ ሁለቴ ቆጠርን ማለት ነው። ከሥራ ውጭ የተደረገ ፕሮሰሰርም መስመሩ ከፋይሉ ይጠፋል። በመስመር ተራ ቁጥር የሚሄድ ስክሪፕት ያን ጊዜ የ5ኛውን ለ4ኛው ይሰጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ በስሙ ያዙት።

ስለ አይኦዌት አንድ ነገር ልበል። በየፕሮሰሰሩ ስታዩት አትመኑት። ዲስክ የሚጠብቅ ሥራ በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ እየሄደ አይደለም፤ ተኝቷል። ስለዚህ መጠበቁን ለዚህኛው ወይም ለዚያኛው ፕሮሰሰር ማስከፈል በራሱ አሻሚ ነው። የሊኑክስ መመሪያ ራሱ ይሄ ቁጥር አስተማማኝ እንዳልሆነ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። እኔ ከአይድል ጋር ደምሬ አየዋለሁ። የዲስክን ነገር ከዲስክ መዝገብ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ጊዜ ርዝመት እንምጣ፤ ብዙ እውነት የሚጠፋው እዚህ ነው። አንድ ፕሮሰሰር ለ30 ሰከንድ 100 በመቶ ተጠምዶ ቀሪውን ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ቢያርፍ በ10 ደቂቃ መዝገብ ላይ 5 በመቶ ሆኖ ይታያል። ለዚያ 30 ሰከንድ ግን ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ ፈጦ ቀርቷል። አማካይ የሚደብቀው በሁለት አቅጣጫ ነው፦ በፕሮሰሰሮች መካከል፣ እና በጊዜ ውስጥ። የመጀመሪያውን ፈትተን ሁለተኛውን ከተውነው ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ጣልነው። እኔ ምላሽ ፈጥኖ መስጠት ያለበት ማሽን ላይ ምዝገባውን ወደ 1 ደቂቃ አወርደዋለሁ። ፋይሉ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ አዎ። ዲስክ ግን ርካሽ ነው፤ ያልተመዘገበ ደቂቃ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ከልክ በላይ ማሳጠርም ሌላ ጣጣ አለው። መለኪያው የሰከንድ አንድ መቶኛ ከሆነ፣ በ1 ሰከንድ ውስጥ አንድ ፕሮሰሰር ያለው 100 ቆጠራ ብቻ ነው። ከ1 በመቶ ያነሰ ልዩነት አይታይም። በዚያ ላይ በብዙ ከርነሎች ቆጠራው የሚደረገው የሰዓቱ ምት ሲመታ ነው። ምቱ ሲመታ ፕሮሰሰሩ ላይ የተገኘው ሥራ ሙሉውን ጊዜ እንደወሰደ ይቆጠርበታል። በምቶች መካከል ነቅቶ ሠርቶ የሚተኛ ፕሮግራም ሳይቆጠር ሊያመልጥ ይችላል። ከርነሉ በሌላ፣ ይበልጥ ትክክል በሆነ አቆጣጠር ሲሠራ ይሄ ይቀንሳል። ምቱ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ግን በጣም አጭር ጊዜ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንደ ፍርድ አትውሰዱት።

የተመዘገበውን ስናነብ መልኩን ማየት ነው ዋናው። አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ሞልቶ፣ ሙላቱም በሶፍትአይአርኪው ከሆነ፣ ዓይኔ ወደ ኔትወርክ ካርዱ ይሄዳል። ካርዱ ኢንተራፕቶቹን፣ ማለትም «ዳታ መጥቷል» የሚሉትን ጥሪዎች፣ በሙሉ ለአንድ ፕሮሰሰር እየላከ ሊሆን ይችላል። ያ ፕሮሰሰር ፓኬት (በኔትወርኩ የሚመጣ የዳታ ጥቅል) በመቀበል ብቻ ይጠመዳል፤ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ሳለ ፓኬቶች ይወድቃሉ። ፕሮክ ሥር ያለው ኢንተራፕትስ የሚባለው ፋይል ይሄንን በየፕሮሰሰሩ በዓምድ ቆጥሮ ያሳያል። ካርዱ ብዙ ወረፋ ካለው ወረፋዎቹን ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች ማከፋፈል ይቻላል። ኮዱ ላይ አንድ መስመር ሳይነካ ማሽኑ ሲነቃ የማይበት ጊዜ ይሄ ነው።

ያኛው ቀላሉ ነው። የሚከብደው ሥራው ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ሲዘዋወር ነው። አንድ ትሬድ በአንድ ቅጽበት አንድ ፕሮሰሰር ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። የከርነሉ ሥራ አከፋፋይ ግን ሊያዘዋውረው ይችላል። በ10 ደቂቃ ውስጥ በ4 ፕሮሰሰሮች ላይ እኩል ከዞረ፣ መዝገቡ 4ቱንም በ25 በመቶ ያሳያል። አንድም የሞላ የለም! ፕሮሰሰሮቹን ለየብቻ አየሁ ብሎ የተማመነ ሰውም እዚህ ይታለላል። እኔን የሚያድነኝ ድምሩ ነው። የሁሉንም ፕሮሰሰሮች መጠን ደምራችሁ 100 በመቶ አካባቢ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቆመ፣ ሰዓት አልፎም ንቅንቅ ካላለ፣ አንድ ትሬድ ጣራውን ነክቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። እውነተኛ የተጠቃሚ ሥራ ከፍ ዝቅ ይላል። ድርቅ ብሎ የሚቀር መስመር ግን የሆነ ገደብ ላይ የደረሰ ነገር ምልክት ነው። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ የሲስስታት ሌላ መሣሪያ የሆነው ፒድስታት ትሬዶቹን ለየብቻ እንዲያሳይ ማዘዝ ነው። እሱም ቀድሞ ተመዝግቦ ከቆየ እንዴት ደስ ይላል።

ከዚህም የጠለቀ ጥያቄ አለ፤ ይሄኛውን ነው ከሁሉም የምወደው። ሁለት ፕሮሰሰሮች በአንድ ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዳቸው 50 በመቶ ተጠምደዋል። አብረው ነው የሠሩት ወይስ ተራ በተራ? አብረው ለ30 ሰከንድ ሠርተው አብረው ካረፉ፣ ሥራው እውነትም ተከፋፍሏል፤ ፕሮሰሰር ቢጨመር ሊፈጥን ይችላል። አንዱ ሲሠራ ሌላው እየጠበቀ ከተቀያየሩ ግን አንዱ የሌላውን ውጤት ይጠብቃል፣ ወይም በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ (ሎክ) ይሻማሉ። ያን ጊዜ ሌላ ፕሮሰሰር መጨመር ምንም አያመጣም። የቆጣሪው መዝገብ ለሁለቱም 50 እና 50 ይላል። ልዩነቱን መናገር አይችልም።

ይሄንን የሚናገረው ሌላ ዓይነት መዝገብ ነው። ፐርፍ የሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ የሥራ አከፋፋዩን እያንዳንዱን ውሳኔ መመዝገብ ይችላል፦ በዚህች ቅጽበት፣ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ፣ ይሄ ሥራ ወጥቶ ያ ገባ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ የሚገባው የከርነሉ የእረፍት ሥራ ነው፤ መለያ ቁጥሩም 0 ነው። ይህ 0 የቆየበትን ጊዜ በሙሉ ደምሮ ከጠቅላላው መቀነስ ነው፤ የፕሮሰሰሩ የተጠመደበት ጊዜ በሚገርም ትክክለኛነት ይገኛል። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ቅጽበት ስንት ፕሮሰሰሮች በአንድ ላይ እንደሚሠሩ መቁጠር ይቻላል። ከጠቅላላው ጊዜ ስንቱ በ1 ፕሮሰሰር ብቻ፣ ስንቱ በ2፣ ስንቱ በ8 እንዳለፈ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ስሠራ ስለ ፕሮግራሙ ጠባይ ሌላ ቦታ የማላገኘውን እረዳለሁ። ግን ይሄ መዝገብ ከባድ ነው። ሥራ የበዛበት ማሽን ላይ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ይጽፋል፤ ራሱም ጫና ይጨምራል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚመዘገበው ቆጣሪው ይሁን። ቆጣሪው ሰዓቱን ሲጠቁመን ፐርፍን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እንክፈት።

ዊንዶውስ ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የፐርፎርማንስ ሞኒተር ቆጣሪ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ፣ ለድምሩም ቶታል የሚል ስም ያለው አንድ ይሰጣል። ስሙ ድምር ይባል እንጂ የሚያሳየው አማካይ ነው። ብዙ ሰው የሚመዘግበው እሱን ብቻ ነው። ስትመዘግቡ ሁሉንም ምረጡ። ከ64 በላይ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰር ኢንፎርሜሽን የሚለውን የቆጣሪ ቡድን ተጠቀሙ፤ ፕሮሰሰሮቹን በቡድን በቡድን ለይቶ የሚያውቀው እሱ ነው።

እዚህ ድረስ የለካነው ሁሉ ጊዜን እንጂ ሥራን እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ቀንሶ እየሄደም 60 በመቶ ሊል ይችላል። በሙሉ ፍጥነት ቢሄድ ያው ሥራ 30 ሊሆን ይችል ነበር። ከሜሞሪ ዳታ እስኪመጣለት የቆመ ፕሮሰሰርም እንደ ተጠመደ ነው የሚቆጠረው። አንድ ኮር፣ ማለትም አንድ እውነተኛ አስሊ አካል፣ ሁለት ፕሮሰሰር መስሎ የሚታይባቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚጋሩት አንድ አካል ነው። ከ16ቱ 8ቱ ብቻ ሞልተው አማካዩ 50 በመቶ ቢል ግማሽ አቅም ቀርቷል ማለት አይደለም። የሞሉት 8ቱ በ8 የተለያዩ ኮሮች ላይ ከሆኑ የቀረው ትርፍ ጥቂት ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋራ ከርነሉ በሲስ (/sys) ሥር ባሉ ፋይሎች ይናገራል። ያንን ካርታ ከመዝገቡ ጎን አስቀምጡት፤ አለበለዚያ 3 እና 11 አንድ ኮር ላይ ይሁኑ አይሁኑ በምን ይታወቃል?

መዝገቡን ሳይ የምከተለው መንገድ ቀላል ነው። የሲስስታቱ ሳድፍ ፋይሉን ዓምዶቹ በሴሚኮለን (;) ወደተለዩበት ጽሑፍ ይቀይርልኛል። ፕሮሰሰሮቹን ወደ ታች፣ ጊዜውን ወደ ጎን አድርጌ እያንዳንዱን ሳጥን እንደ መጠኑ ቀለም እሰጠዋለሁ። 64 መስመር አንድ ላይ የተጠላለፈበት ግራፍ ዓይን ያደክማል፤ የቀለሙ ሰንጠረዥ ግን በአንድ እይታ ይነበባል። ቀጥዬ ያንኑ ዳታ በሌላ አደራደር እሠራዋለሁ። በየደቂቃው ፕሮሰሰሮቹን ከሞላው ወደ ባዶው አሰልፋለሁ። አንደኛው ማን እንደሆነ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ አንደኛው የትም ቢዘዋወር ምን ያህል እንደሞላ ነው። በምዝገባዎች መካከል ያለው ጊዜ አጭር እስከሆነ ድረስ የሚዘዋወረውን ትሬድ ይሄ አደራደር ያጋልጠዋል። ማስጠንቀቂያም ሳዘጋጅ በአማካይ ላይ አላስቀምጥም። የበለጠ የሞላው ፕሮሰሰር ለተከታታይ ደቂቃዎች ሞልቶ ከቆየ ስልኬ ይጩህ።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ ይሄ ሁሉ የማያሳየው አንድ ነገር በብዛት ያጋጥመኛል። ፕሮግራሞች በኮንቴይነር፣ ማለትም ከሌሎቹ በሚለያቸው አጥር፣ ውስጥ እየሄዱ የሲፒዩ ገደብ ይቀመጥባቸዋል። ሊኑክስ ገደቡን የሚያስከብረው አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊሰከንድ ዙር ነው። 2 ፕሮሰሰር የተፈቀደለት ኮንቴይነር በአንድ ዙር 200 ሚሊሰከንድ የሲፒዩ ጊዜ አለው ማለት ነው። ማሽኑ 8 ፕሮሰሰር ቢኖረውና ፕሮግራሙ 8 ትሬድ በአንዴ ቢያስነሳ፣ 200ውን በ25 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። የቀረውን 75 ሚሊሰከንድ ታግዶ ይቀመጣል። መዝገቡ 8ቱንም ፕሮሰሰሮች በ25 በመቶ ያሳያል፤ እኩል የተከፋፈለ፣ ሰላም የሆነ ማሽን ይመስላል። ጥያቄ ያቀረበው ተጠቃሚ ግን በየዙሩ እየቆመ እየሄደ ነው። ድምሩ 200 ላይ ድርቅ ማለቱ ፍንጭ ይሰጣል፤ ማረጋገጫው ግን ያለው የኮንቴይነሩ የራሱ የሲፒዩ ስታት ፋይል (cpu.stat) ውስጥ ነው። ስንት ዙር እንዳለፈ፣ ከዚያ ውስጥ በስንቱ እንደታገደ፣ በድምሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ እዚያ ተቆጥሯል። እነዚህም እንደ ሌሎቹ የሚጠራቀሙ ቆጣሪዎች ናቸው፤ ሁለት ንባብና አንድ ቅነሳ ይበቃቸዋል። አሁን በየደቂቃው ከፕሮሰሰሮቹ ጋር አብሬ እመዘግባቸዋለሁ።